ሰኞ ጠዋት የሚመጣ የሆድ ቁርጠት

ጥቅምት ገብቶ ቡናው ሲቀላ፣ በካፋ ዞን ትምህርት ቤቶች ስም ሲጠራ «አቤት» የሚለው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። ከቦንጋ በስተምዕራብ ያለችው የቢታ ወረዳ መቀመጫ ቢታ ገነትም ከዚህ አትወጣም። የክፍል ኃላፊው መምህር የቀሩትን ልጆች በስም መጥሪያው ላይ በአንድ ዓይነት ምልክት ያልፋቸዋል። አንዱ ከአባቱ ጋር ቡና ለቀማ ወርዷል። ሌላው ግን ቡናም አይለቅምም፣ ከብትም አይጠብቅም። ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ደብተሩን ይዞ፣ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ሆዱን ቁርጥ አድርጎት ተመልሷል። ምልክቱ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ ለየቅል ነው።

ስለ መጀመሪያው ልጅ ብዙ ተብሏል። ወረዳው ስብሰባ ይጠራበታል፣ ቀበሌው ወላጁን ያነጋግራል፣ ሪፖርት ይጻፍበታል። ሁለተኛው ልጅ በሪፖርት ላይ የሚታየው መጨረሻ ላይ፣ «አቋረጡ» ከተባሉት ጋር ሲደመር ብቻ ነው። ከመጀመሪያው «አልሄድም» አንሥቶ እስከዚያ ቀን ያሉትን ሳምንታት የሚቆጥራቸው የለም። ልጁን መመለስ የሚቻለው ግን በእነዚያ ሳምንታት ነው። እምቢ ያለ ልጅ ገና አላቋረጠም። እምቢታውን ጥጋብ ብለን ስንቆጥረው ወደ ማቋረጥ የምንገፋው እኛው ነን።

ሲጀምር ሕመም ይመስላል። እሑድ ማታ ልጁ ዝም ይላል፤ ራቱን በቅጡ አይበላም። ሰኞ ሲነጋ ሆዴን ይላል፣ ራሴን ይላል፣ አንዳንዴም ያስመልሰዋል። እናት ትደነግጣለች፤ «ተዉት፣ ዛሬ እንኳ ይዋል» ትላለች። የሰልፉ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ረፋዱ ላይ፣ ልጁ ቆሎ ይጠይቃል። ከሰዓት በኋላ ኳስ ሲያባርር ይታያል። አባት ይህን ሲያይ «ይኸው! ውሸቱን ነው» ይላል። ማክሰኞ ቁርጠቱ ይመለሳል። ቅዳሜ አይመጣም።

በአብዛኛው ውሸት አይደለም። የፈራ ሰው ሆዱ ይገለበጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል። የሚያስፈራው ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ ሁሉም ይረጋል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ምክንያቱ ነው ሆድ ውስጥ ያልሆነው። ይህን ለማለት ግን መጀመሪያ ሌላውን ማጥራት ያስፈልጋል። በዝናባማ አገር በባዶ እግሩ የሚሄድ ልጅ የሆድ ትላትል አያጣውም። ጆሮው የሚመግል፣ ዓይኑ ሰሌዳውን አጥርቶ የማያይ ልጅም በክፍል ውስጥ የሚሆነው ስለማይገባው መሸሽ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ መታየት ተገቢ ነው። ወደ ጸበል የሚወስድ አለ፣ ወደ አላሞ፣ ወደ ባህላዊው መንፈስ ጠሪ፣ የሚወስድም አለ፤ እነሱን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ቁርጠቱ ቅዳሜና እሑድ የሚያርፍ፣ ትምህርት ሲዘጋ ጨርሶ የሚጠፋ ከሆነ ግን ምክንያቱን ከትምህርት ቤቱ በር ጀምሮ መፈለግ ያሻል።

ነገሩ የካፋ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ ሐኪም አዴሌድ ጆንሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1941 «የትምህርት ቤት ፍርሃት» ብለው ሲጽፉበት ትኩረታቸው ከእናቱ መለየት ያልቻለ ሕፃን ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕውቀቱ ሰፍቷል። ዛሬ በዚህ ጉዳይ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ክሪስቶፈር ኪርኒ ጥያቄውን ከበሽታ ስም ወደ ልጁ ጥቅም አዞረው፤ ልጁ በመቅረቱ የሚያተርፈው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ወይ ከሚያስጨንቀው ነገር ያመልጣል፤ ወይ በሰው ፊት ከመፈተንና ከመዋረድ ይድናል፤ ወይ የእናቱን ዓይን ያገኛል፤ ወይ ደጅ ላይ ከትምህርት የሚጥም ነገር አለው። በጃፓን የትምህርት ሚኒስቴሩ በዓመት 30 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቀሩ እምቢተኛ ልጆችን ለይቶ ይቆጥራል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የትምህርት ዘመን ከአንደኛና ከመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ 346,482 ልጆች ተመዝግበዋል። ድሃ አገር ስለሆንን የመጣብን ነገር አይደለም ማለት ነው። ጃፓን ቢያንስ ቆጥራዋለች።

ከውጭ የመጣው ዕውቀት ግን አንድ ነገር ይዘላል። መጽሐፎቹ ሲጻፉ ትምህርት ቤቱ ደህና ቦታ ነው፣ የልጁ ፍርሃት ነው የተጋነነው ከሚል ይነሣሉ። ስለዚህ ልጁን ቀስ በቀስ ወደሚፈራው ነገር እያቀረቡ ማለማመድን ይመክራሉ። ምክሩ መልካም ነው። በእኛ አገር ግን ልጅ የሚፈራው ነገር ብዙ ጊዜ ቅዠት አይደለም፤ መምህሩ እጅ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ልምጭ፣ አለንጋ፣ የተቆረጠ የውሃ ቱቦ፣ ኩርኩም፣ ጠጠር ላይ መንበርከክ። አለንጋን ቀስ በቀስ አይለማመዱትም።

ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 3,000 ኢትዮጵያውያን ልጆችን ከሕፃንነት እስከ ጉልምስና የተከታተለው ያንግ ላይቭስ የተሰኘው ጥናት የ8 ዓመት ልጆችን ጠይቆ ነበር። ከአራቱ ሦስት ያህሉ ባለፈው ሳምንት መምህር ተማሪ ሲመታ አይተናል አሉ። ከ100 ልጆች 38ቱ እኛም ተመትተናል ብለዋል። ከሁለቱ ቁጥሮች እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ነው። ወላጅ «ልጄን ማንም አልነካውም» ብሎ ይጽናናል። ልጁ ግን አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ሲገረፍ እያየ ተራውን ሲጠብቅ ነው የሚውለው። ያልተመታ ልጅም ሆዱን ያመዋል።

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ይደነግጋል። ከሠላሳ ዓመት በኋላም ግን «እንኳን መቱት፤ ሥጋው የእናንተ፣ አጥንቱ የእኛ» የሚል ወላጅ አልጠፋም። መምህሩን ብቻ መውቀስም ሐቅ አይሆንም። የትምህርት መለኪያው በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ልጅ አጭቆ፣ ወር በማያደርስ ደመወዝ፣ ጭቃ ረግጦ የሚመጣ ሰው ዝምታን በቀላሉ የሚያገኝበት መሣሪያ ሲፈልግ ልምጩን ያነሣል። ምክንያቱን መረዳት ግን ለልጁ ቁርጠት መድኃኒት አይሆንለትም።

ከልምጩ ይልቅ ብዙ ልጅ ያስቀረው ሌላ ነገር አለ ብል የማጋንን አይመስለኝም፤ «ወላጅ አምጣ» የሚባለው። ልጁ አርፍዷል፣ ወይ የቤት ሥራ አልሠራም፣ ወይ ሁለት ቀን ቀርቷል። መምህሩ «ነገ ወላጅህን ሳትይዝ ክፍል እንዳትገባ» ይለዋል። የተፈለገው ቤተሰቡን ወደ ትምህርት ቤቱ ማቅረብ ነው። እስቲ ከልጁ ወገን እንየው። አባት ማሳ ላይ ነው፤ እናት ገበያ ናት። ለአባት መናገር ቤት ውስጥ ዱላ ያስነሣል፤ አለመናገር ደግሞ ክፍል ያስከለክላል። ልጁ ጠዋት ከቤት ይወጣል፣ ትምህርት ቤት ግን አይደርስም። ጫካው ዳር ይውልና ሌሎቹ ሲለቀቁ አብሮ ይመለሳል። አንድ ቀን የቀረው ልጅ በዚህ ምክንያት ሳምንት ይቀራል፤ ሳምንት ሲሞላው ደግሞ የሚጠይቁት ስለ ሳምንቱ ነው፣ ዕዳው ይከብዳል። ወላጅን ለማቅረብ የተሠራ ደንብ ልጅን የሚያርቅ ሆኖ ተገኘ። አንዳንድ ልጅ ከመንገድ ላይ ጎረምሳ ለምኖ «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞ ይቀርባል፤ ይህ በየትምህርት ቤቱ የሚሣቅበት ወግ ነው፤ የሚሣቅበትን ያህል ግን ልጁ የደረሰበትን ጭንቀት ይናገራል።

አሁን ወደ ቡናው እንመለስ፤ ሁለቱ ቀሪዎች የሚገናኙት እዚህ ነውና።

የካፋ ቡና በጫካ ውስጥም በጓሮም ያለ ቡና ነው፤ ለቀማው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ፣ እንደ አካባቢው ከፍታ ከዚያም አልፎ ይዘልቃል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት መሐሉ ማለት ነው። ለብዙ ቤተሰብ የዓመቱ ልብስ፣ ማዳበሪያው፣ የልጁ ደብተር ራሱ የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። በቆሎው ሲደርስም ጦጣና ዝንጀሮ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ቤተሰቡ ልጁን ሲያስቀር በክፋት አይደለም። ሦስት ሳምንት ይበቃል፣ ከዚያ ይመለሳል ይላል።

ችግሩ ሲመለስ ነው። ሒሳቡ ክፍልፋይ ጀምሮ ጨርሷል። የቡድን ሥራው ተከፋፍሎ አልቋል፤ በቡድኑ ውስጥ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል። መምህሩ በልጆች ሁሉ ፊት አስነሥቶ «የት ነበርክ?» ይለዋል፤ ክፍሉ ይሥቃል፤ «ወላጅ አምጣ» ይከተላል። በሥራ ምክንያት የቀረው ልጅ በማግሥቱ በፍርሃት ምክንያት ይቀራል። ቡና ለቀማው ልጁን ከትምህርት ቤት ያወጣዋል፤ አልመለስ የሚያሰኘው ግን አቀባበሉ ነው። ወረዳው ቡና ለቀማን ጠላት አድርጎ የሚያደርገው ዘመቻ ግማሹን ነገር ስቶታል የምለው ለዚህ ነው። ለቀማው በጋለበት ሰሞን ትምህርቱን ወደ ግማሽ ቀን ፈረቃ ማጥበብ፣ ለተመለሱትም ሁለት ሳምንት የማካካሻ ሰዓት መስጠት ከሰባት ስብሰባ ይሻላል።

ያመለጠው ትምህርት ብቻም አይደለም የሚያሳፍረው። በ2002 ዓ.ም በኢትዮጵያ በስድስት ቋንቋዎች የተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። የካፋው ቋንቋ ካፊ ኖኖ ከተመዘኑት ቋንቋዎች አንዱ አልነበረም፤ ችግሩ ግን የሚታወቅ ነው። ማንበብ የማይችል ልጅ ክፍል ውስጥ ለመደበቅ ብዙ ብልኃት አለው፤ ከኋላ ይቀመጣል፣ ጓደኛውን ተከትሎ አፉን ያንቀሳቅሳል። ከክፍል ክፍል ሲያልፍ፣ በተለይም በአፍ መፍቻው ሲማር ቆይቶ መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞርበት፣ መደበቂያው ያልቅበታል። በዚህ ላይ ካርዱ አለ። የእኛ ቤት ስለ ትምህርት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። በ60 ልጆች መካከል 57ኛ የወጣ ልጅ ካርድ የሚሰጥበት ሰሞን ሆዱን ቢያመው ምን ይገርማል?

ካፋ ላይ ስለ ትምህርት ቤት ፍርሃት ጽፎ የማይዘለል ሌላ ጉዳይ አለ። የማንጆ ማኅበረሰብ ልጆች ነገር ነው። በጥንት ዘመን በአደን፣ በኋላም በማገዶና በከሰል ሽያጭ የሚታወቁት ማንጆዎች ጎረቤት አብሯቸው ከማይበላበት፣ ቤቱም ከማያስገባበት ልማድ ጋር ለዘመናት ኖረዋል። ተመራማሪዎች ይህን ደጋግመው መዝግበውታል፤ መገለሉ ወደ ክፍልና ወደ መጫወቻ ሜዳም እንደሚገባ ጭምር። እዚያ ወንበር ላይ አጠገቡ ማንም የማይቀመጥ ልጅ ለምን እንደሚቀር ለማወቅ የሥነ ልቦና መጽሐፍ አያስፈልግም። ቤቱም ቢናገር ወላጆቹ ያው እነሱም ያለፉበት ነውና «ቻለው ልጄ» ከማለት በቀር የሚሉት የላቸውም። እዚህ ላይ ልጁን ማበርታት ከንቱ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ የሚወስነው መምህሩ ነው፤ ማን በየትኛው ኩባያ ውሃ እንደሚጠጣም የሚያየው እሱ ነው። የመቀመጫ ድልድሉን በዕጣ የሚያደርግ መምህር ከአሥር ምክር የበለጠ ይሠራል።

ልጃገረዶችስ? ከ12 ወይም ከ13 ዓመት በኋላ «አልሄድም» ያለች ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቷን ለአባቷ አትናገርም። የወር አበባዋ መጥቶ ትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ውሃ የሌለው ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ የሚጠብቃት ጎረምሳ ሊኖር ይችላል። አንድ መምህር የማይገባ ነገር ተናግሯት ሊሆን ይችላል። አባት «ደከመሽ? እንግዲያው ትዳር አለ» ካለ የሸሸችው ነገር አሸነፈ ማለት ነው፤ የቤተሰብ ሕጉ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት ጋብቻ የለም ይላል። እንዲህ ያለችውን ልጅ የምትጠይቃት ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ አክስት፣ ታላቅ እህት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ሴት መምህርት። በመንገዱ ወይም በመምህሩ የመጣ ነገር ከሆነ ልጅቷን ማስለመድ ሳይሆን አጥፊውን ማስጠየቅ ነው የሚያስፈልገው።

ትልልቆቹ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ነበሩ። የ8ኛ ክፍል ልጅ ይህን ሰምቶ «ተምሬ ምን ልሆን? ሞተር ልያዝ» ቢል የአእምሮ ችግር የለበትም፤ ሒሳብ ሠርቶ ነው። መልሱ ስብከት አይደለም። ከአካባቢው ተምሮ ሥራ የያዘ ወጣት አግኝቶ እንዲያወራው ማድረግ፣ በቴክኒክና ሙያ በኩል ያለውን መንገድ ማሳየት ነው የሚሻለው።

በተቃራኒው ትንንሾቹ፣ በመዋዕለ ሕፃናትና በ1ኛ ክፍል ያሉት፣ ብዙ ጊዜ የሚሸሹት ትምህርት ቤቱን ሳይሆን ከቤት መለየትን ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን ተወልዷል፣ አያት ሞተዋል፣ አባትና እናት እየተጣሉ ነው። ልጁ «እኔ ሳልኖር እናቴ አንድ ነገር ብትሆንስ» ብሎ ይሰጋል። ይህ ከሁሉም ቶሎ የሚድነው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በቤታችን ያሉት ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ሁለቱም ያከስራሉ። አንዱ እየገረፉ መጎተት ነው። ፊት አንድ ዱላ ይፈራ የነበረ ልጅ አሁን ሁለት ይፈራል፤ ከቤትም መሸሽ ይጀምራል። ሌላው «እስኪሻለው ይቆይ» ነው። ይህ ርኅራኄ ይመስላል፤ ፍርሃት ግን ሸሽተው ባመለጡት ቁጥር ይበረታል። ሦስት ቀን ቤት የዋለ ልጅ አራተኛው ቀን ከመጀመሪያው ቀን ይከብደዋል። በዚህ አንድ ነጥብ ላይ የውጭዎቹ መጽሐፎች ልክ ናቸው፤ ልጁ ቶሎ መመለስ አለበት። ከመመለሱ በፊት ግን የሸሸውን ነገር ማወቅ ይገባል።

ማወቅ የሚቻለው በምርመራ አይደለም። «ለምን አትሄድም? ተናገር!» የተባለ ልጅ «ሆዴን» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። በተለይ ጎረቤት ለቡና በተሰበሰበበት የልጁን ነገር ማንሣት ክፉ ልማዳችን ነው፤ እናት ለማማከር ብላ ታወራለች፣ ልጁ ግን ውርደቱ ከክፍል አልፎ መንደር እንደገባ ነው የሚሰማው። ልጅ የሚናገረው እጁ ሥራ ሲይዝ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ነው። እንሰት ሲፋቅ አጠገብ ተቀምጦ፣ ቡና ሲሰጣ፣ ውሃ ሲቀዳ። «ና እስቲ ልጄ፣ ክፍል ውስጥ አጠገብህ ማን ነው የሚቀመጠው? ዕረፍት ሲወጣ ከማን ጋር ትሆናለህ? የትኛው ትምህርት ሲደርስ ነው ልብህ የሚመታው?» ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ ላይ ዝምታው ይረዝማል። እዚያ ቆም ማለት ነው።

ከዚያ ወላጅ ብቻውን፣ ልጁን ሳይጎትት፣ የክፍል ኃላፊውን ያግኝ። ሳይጠሩት የሄደ ወላጅ መምህሩን ያስደነግጠው ይሆናል፤ በጎ ድንጋጤ ነው። «መምህር፣ ልጄ ፈርቷል፤ እንዲህ ያለ ነገር ነገረኝ» ማለት ይበቃል። ልጁ ሲመለስ አንድ የሚቀበለው ሰው ይኑር፤ መምህሩ ራሱ፣ ወይም ከፍ ያለ ክፍል የሚማር የጎረቤት ልጅ። ይህ ታላቅ ልጅ ጠዋት ከቤቱ እየወሰደ እስከ ክፍሉ በር ቢያደርሰው እናት እያለቀሰች ከምትሸኘው ይሻላል፤ እናት በር ላይ በቆየች መጠን ልጁ መለየት ይከብደዋል። በጣም ለከበደው ልጅ የመጀመሪያው ቀን እስከ ግቢው በር፣ ሁለተኛው እስከ ዕረፍት ሰዓት፣ ከዚያ ሙሉ ቀን ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ ግን አይቆጠርም። ቁርጠቱ መሐል ላይ ከመጣ ልጁ ግቢው ውስጥ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ወይም በጥላ ሥር ያርፍ፤ ትኩሳት ከሌለው ወደ ቤት አይላክ። የተመለሰበትን ቀን «የት ነበርክ?» የሚል ሰው እንዳይኖር አስቀድሞ መነጋገር የግድ ነው።

በትምህርት ሰዓት ቤት መዋል ደግሞ የሚያጓጓ እንዳይሆን። ቁጣ አያስፈልግም፤ ስልክ፣ ኳስና ገበያ አብሮ መሄድ ግን አይኖርም። ሰኞ፣ ከበዓል ማግሥትና የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ያለቀበት ሳምንት ለእነዚህ ልጆች ከሁሉም ይከብዳቸዋልና ዝግጅቱ ከእሑድ ይጀምር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ለወራት ሲቆዩ፣ ሲከፈቱ መመለስ የከበዳቸው ስንት ልጆች እንደነበሩ የሚያስታውስ መምህር ይህን ያውቀዋል። ልጁን ቦንጋ ወይም ጅማ ላለ ዘመድ መስጠትም በብዙ ቤት የሚታሰብ መፍትሔ ነው። ዱላው ወይም ማግለሉ ሊስተካከል ካልቻለ ያስኬዳል፤ አለበለዚያ ፍርሃቱ በሻንጣው ውስጥ አብሮት ይሳፈራል።

ቢታ ገነት ላይ የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና አማካሪ ፈልጎ መጠበቅ ዘበት ነው። የተዘረዘረው ሥራ ግን አማካሪ አያሻውም፤ ሁለት ጆሮና ሁለት ሳምንት ትዕግሥት ያለው ሰው ይሠራዋል። ሐኪም የግድ የሚሆነው ልጁ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ከጓደኞቹም ከጨዋታም ከራቀ፣ መሞት እፈልጋለሁ ካለ ወይም ራሱን ከጎዳ ነው። ያኔ ከጤና ጣቢያው ወደ ቦንጋው ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም የሥነ አእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ማስላክ ይገባል፤ ሳይውል ሳያድር።

ለትምህርት ቤቶቹ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ወላጅ አምጣ» የሚለውን ደንብ ገልብጡት። አንድ ልጅ በተከታታይ 3 ቀን ሲቀር ልጁ ወላጅ ያምጣ ከማለት ይልቅ ከትምህርት ቤቱ አንድ ሰው ወደ ወላጁ ይሂድ። መምህሩ ብቻውን አይችለውም፤ የወላጅ ተማሪ መምህራን ኅብረቱ በየጎጡ አንድ አንድ ሰው ቢመድብ መንገዱ ይቀላል። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም በሪፖርቱ ላይ «አቋረጡ» ከሚለው በፊት «መቅረት ጀመሩ» የሚል ዓምድ ይጨምር። የዞኑን መምህራን የሚያሠለጥነው የቦንጋ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዕጩ መምህራኑን የቀረ ልጅ እንዴት እንደሚቀበሉ ቢያለማምዳቸው ደግሞ ወጪው ከምንም አይቆጠርም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ካለ ቀኑን በደብተሩ ጀርባ ጻፉት። ሁለት ሳምንት ጽፋችሁ ቅዳሜና እሑድ ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት አትግረፉት፣ አታስቀሩት፤ በማግሥቱ የክፍል ኃላፊውን አግኙ።